ልብ ወለድ እየጻፉ ድርሰት ማስተማር፦ ለመርሳው መምህር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከመርሳ፣ ሰሜን ወሎ ነው። ጠያቂው የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ ዕድሜዬ 32 ነው። ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ። ባለ ትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። አሥራ አንድ አጫጭር ልብ ወለዶችና አንድ ያለቀ ረጅም ልብ ወለድ አለኝ። እርስዎ ደሴ ላይ እየጻፉ ድርሰት እንደሚያስተምሩ ስለማውቅ ነው የምጠይቅዎት። ሥራዬን ለቅቄ ወልድያ ላይ የድርሰት ማሠልጠኛ ልክፈት? ወይስ ማስተርሴን ተምሬ ዩኒቨርሲቲ ልግባ? አንዳንዱ ሰው ድርሰት ተሰጥኦ ነው፣ አይማሩትም ይለኛል። ሌላው ደግሞ ያስተማረ ደራሲ ብዕሩ ይነጥፋል ይለኛል። ለመጽሐፌ ማሳተሚያ ከአማቴ ብር ልበደር አስቤያለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ።»

ሥራህን አትልቀቅ። ብሩንም አትበደር። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ እስከ መጨረሻው ሳታነብ ሰኞ ጠዋት ማመልከቻ እንዳታስገባ ነው። አሁን ወደ ምክንያቱ። የጠየቅኸኝ አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ውስጡ አራት ጥያቄ አለ። ድርሰት ይማሩታል ወይ? ማስተማር የደራሲን ብዕር ይጎዳል ወይ? በዚህ እንጀራ ይበላል ወይ? አንተስ ከየት ትጀምር? እነዚህን ስለቀላቀልካቸው ነው ግራ የገባህ።

«አይማሩትም» ከሚለው ልጀምር። ሰዎቹ ግማሽ እውነት ይዘዋል። የሚጻፈውን ጉዳይ ማንም መምህር ሊሰጥህ አይችልም። እሱን ይዘህ ነው የምትመጣው። ያየኸውን ነገር ሌላ ሰው እንዲያየው አድርጎ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ግን ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ ይለመዳል። ይህ «አይማሩትም» የሚባል ነገር የእኛ አገር ወግ ነው ብዬም አላምን። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ምን ያደርጋል? ወጣ ብሎ ለብቻው ቅኔውን ይቆጥራል፣ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ እዚህ ጋ ቤቱ አልመታም፣ እዚህ ጋ ምስጢሩ አልወጣም ብሎ ያርመዋል፣ በማግስቱም እንዲሁ። መንዙማ የሚያወርደው ሰውም ከሸኹ እግር ሥር ተቀምጦ እየሰማ ነው ያደገው። ተሰጥኦ የለም ያለ ሰው የለም። ተሰጥኦ ያለው ልጅ እርማት አያስፈልገውም ያለም አልነበረም።

ውጭ አገር ነገሩ መደበኛ ትምህርት ከሆነ ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የደራስያን ዎርክሾፑን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። እንግሊዝ ውስጥ ኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ በ1970 የማስተርስ ፕሮግራም ከፈተ። ደራሲው ካዙኦ ኢሺጉሮ እዚያ ተምሮ በ1980 ጨረሰ፤ በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ትምህርት ቤቱ ደራሲ አደረገው አልልህም። የሚጽፍበት ጊዜና ጽሑፉን ከልብ የሚያነቡለት ጥቂት ሰዎች ሰጠው። ድርሰት የሚያስተምር ሰው መስጠት የሚችለውም ይህንኑ ነው፤ ጊዜ፣ አንባቢና እርማት። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባልህ ሰው ካገኘህ ሽሸው። አንተም ለሌላው እንዲህ ያለ ቃል አትግባ።

አንድ ነገር ላሳይህ። ቅዳሜ ከሰዓት የማስተምረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ በተከራየነው የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። ወንበሮቹ የአምስት ዓመት ልጅ ልክ ስለሆኑ ጉልበታችንን አቅፈን ነው የምንቀመጠው። ባለፈው ዓመት ከኩታበር የምትመጣ አንዲት ተማሪ ስለ አያቷ ጽፋ መጣች። መጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ውቢቷ ጀንበር ወርቃማ ጨረሯን በጦሳ ተራራ አናት ላይ ስትፈነጥቅ፣ አያቴ በጥልቅ ሐዘን ተውጣ፣ በትካዜ ባሕር ሰጥማ ተቀምጣ ነበር።» ሰው ሁሉ ጎበዝ አላት። ሰዋስዉ ልክ ነው። ፊደሉም ልክ ነው። ግን ክፍሉ ውስጥ አያቷን ያየ ሰው አልነበረም።

«ማዘኗን በምን አወቅሽ?» አልኳት።

ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «አቦሉን ቀዳችልን፤ ከዚያ ሲኒዎቹን አጥባ ደፋቻቸው» አለች። «ቶና አልደገመችም። አያቴ በረካ ሳያስጠጣች ሰው ከቤቷ አውጥታ አታውቅም።»

ማንም ምንም አላለም። ወሎ ያደገ ሰው ይህን ነገር እንዲያብራሩለት አይፈልግም። ሐዘን የሚለውን ቃል ሳትጠራ ሐዘኑን አስቀመጠችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጀንበሯንም ባሕሩንም አውጥታ መጣች። ሌላም ነገር አስተካክላ ነበር። በመጀመሪያው ረቂቅ አያቷ እንደ ዜና አንባቢ ነበር የሚናገሩት። አሁን ግን በገዛ አፋቸው «ኸዚህ ተነሽ» ይላሉ፤ «ከ» ወደ «ኸ» ተመልሳለች። ትምህርት ቤት «ከዚህ» ብለሽ ጻፊ ተብላ ስለተማረች፣ አያቷንም አርማቸው ነበር።

እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅሁት። ጉዳዩ የሷ ነው፣ ዓይኑም የሷ ነው። ግን ጥያቄው ባይነሣ ኖሮ ሲኒዎቹ እንደተደፉ ይቀሩ ነበር። ድርሰት ማስተማር ማለት ለኔ ይህ ነው። አንተም ይህን ልብ በል። የኛ አካባቢ ተማሪዎች ቋንቋ አላጡም። ቤት ውስጥ በሰምና ወርቅ ሲጨዋወቱ የሰሙ፣ በወዳጃና በዱአ መካከል ያደጉ፣ ለቅሶ ቤት ሙሾ ሲወርድ ቆመው ያዳመጡ ልጆች ናቸው። እስክሪብቶ ሲይዙ ግን ያን ሁሉ በር ላይ ጥለው የመጽሐፍ አማርኛ ፍለጋ ይወጣሉ። የአስተማሪው ሥራ ወደ ቤታቸው መመለስ ነው፤ ይህን ደግሞ ራሱ ሲጽፍ በዚያው መንገድ ጠፍቶ የተመለሰ ሰው ነው ደህና አድርጎ የሚሠራው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። «ያስተማረ ደራሲ ብዕሩ ይነጥፋል» የሚሉህ ሰዎች ዝም ብለው ከሜዳ አልተነሡም። እኔም ሦስት ዓመት አንድ ያለቀ ታሪክ ሳልጽፍ ኖሬያለሁ። ያኔ አንድ ኮሌጅ ውስጥ በሴሚስተር አራት ክፍል አስተምር ነበር፤ በየክፍሉ ከሃምሳ በላይ ተማሪ ነበረኝ። ጊዜ አጣሁ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ክረምት መጣ፣ ሁለት ወር ሙሉ ነፃ ሆንኩ፣ አሁንም አልጻፍኩም። ነገሩ የጊዜ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ችግሩ ጆሮ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ረቂቅ ስታነብ ስትውል ጆሮህ ስሕተት ለመልቀም ይሾላል። ማታ የራስህን ጽሑፍ ስትጀምር ያው ቀይ እስክሪብቶ እጅህ ላይ ነው። «በሩን ከፈተ» ብለህ ሳትጨርስ፣ የቱን በር፣ ለምን አሁን፣ እንዲህ ብሎ የጀመረው ሰው ስንት ነው እያልክ ትሰርዘዋለህ። የመጀመሪያ ረቂቅ ደግሞ እንደ ቡሖ ነው፤ ሳይቦካ ልጋግረው ካልክ ይበላሻል። አራሚው ከጸሐፊው ቀድሞ ከነቃ ጸሐፊው አይነሣም። ብዕር የሚነጥፈው በዚህ መንገድ ነው። ደንበኛ ምክንያት አለው እንጂ እርግማን አይደለም። ምክንያቱ ከታወቀ ደግሞ መላ ይገኝለታል።

መላው ቅደም ተከተል ነው። የተማሪህን አንድ መስመር እንኳ ከማንበብህ በፊት የራስህን ጻፍ። ማታ ከእርማት በኋላ እጽፋለሁ ያለ ሰው ሲጽፍ አላየሁም። አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን ራንደም ሃውስ በተባለው አሳታሚ ቤት አርታኢ ሆና፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ለብቻዋ እያሳደገች ጎህ ሳይቀድ እየተነሣች ነበር የምትጽፈው። በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2006 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ አስተማረች፤ ኖቤልን ያገኘችው በ1993፣ እዚያው እያስተማረች ነው። ጎህ ሳይቀድ የመጻፍ ልማዷ የመጣው ልጆቹ ነቅተው «እማዬ» ከማለታቸው በፊት ያለው ሰዓት የሷ ስለነበረ ነው። አንተም የሁለት ልጆች አባት ነህ፣ ይህ ይገባሃል።

ሌላው የተማሪ ቁጥርንና እርማትን መገደብ ነው። ስምንት ሰው ይበቃል፤ ከአሥር አትለፍ። ለሃምሳ ሰው ስለ ድርሰት መንገር ይቻላል፤ ድርሰት ማስተማር ግን አይቻልም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። እኔ በአንድ ረቂቅ ላይ ከሦስት ነገር በላይ አልነካም። ሕይወት ያለበትን አንድ ቦታ አሳያለሁ፣ የላላውን አንድ ቦታ አሳያለሁ፣ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ደብተሩን በቀይ ሞልተህ ብትመልስለት ተማሪው የቱን ይዞ የቱን እንደሚተው ግራ ይገባዋል፤ አንተም ማታህን ጨርሰሃል። ደግሞ ክፍል ውስጥ የምሰጠውን መልመጃ እኔም አብሬያቸው ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። የጻፍኩትንም እንደነሱ ተራዬን ጠብቄ አነባለሁ። ተማሪ፣ መምህሩ ደካማ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ሲያርም ካየ፣ እርማት ውርደት እንዳልሆነ ያኔ ያምናል። በቃል ብትነግረው ግን አያምንህም።

እንዲህ ከያዝከው ማስተማር መልሶ ይሰጥሃል። ዝም ብለህ በስሜት የምታውቀውን ነገር ለሰው ማስረዳት ሲኖርብህ ራስህ ይገባሃል። ከዚህም በላይ የሆነ ነገር አለ። ሬይመንድ ካርቨር ገና በወጣትነቱ፣ ትዳርና ልጆች ይዞ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቺኮ በምትባል ከተማ ኮሌጅ ገባ። ያስተማረው ጆን ጋርድነር የሚባል፣ ያኔ ስሙ ገና ያልታወቀ ደራሲ ነበር። ጋርድነር፣ ካርቨር ቤቱ ውስጥ ተረጋግቶ የሚጽፍበት ቦታ እንደሌለው ሲያውቅ፣ ቅዳሜና እሑድ እንዲጽፍበት የቢሮውን ቁልፍ ሰጠው። ካርቨር በኋላ በአጭር ልብ ወለድ ስሙ የገነነ ጸሐፊ ሆነ፤ ሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲም አስተማረ። መምህሩን ያነሣው ደግሞ በዚያ ቁልፍ ጭምር ነው። መርሳ ላይ የትምህርት ቤታችሁን ቤተ መጻሕፍት ቁልፍ ማን እንደያዘ ታውቃለህ። ይህን ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን እንጀራው። በብዕር ብቻ መኖር አገራችን ውስጥ ያኔም ከባድ ነበር፣ ዛሬም ከባድ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ። በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛና የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። አቤ ጉበኛ በብዕሩ ብቻ ልኑር ብለው ከደፈሩት ጥቂቶች አንዱ ስለሆነ ነው ዛሬም በዚህ ጉዳይ ስሙ የሚነሣው። ውጭ ያሉትን ብታይም ያው ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ዲናው መንግሥቱ ባርድ ኮሌጅ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ቡከር ለተባለው የልብ ወለድ ሽልማት የመጨረሻ እጩዎች ውስጥ የገባችው ማዛ መንግሥቴም ኒው ዮርክ በሚገኘው ኩዊንስ ኮሌጅ አስተምራለች። ዓለም የሚያነባቸው ደራስያን ደመወዝ ካስፈለጋቸው አንተ ደመወዝ አለኝ ብለህ ማፈር የለብህም። ልብ ወለድህን የሚያበላው የአሁኑ ሥራህ ነው።

የማሳተሙን ሒሳብ አብረን እንሥራው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ ከማተሚያ ቤቱ የዋጋ ማቅረቢያ ተቀብለህ በራስህ ቁጥር ድገመው። 1,000 ኮፒ አሳተምክ እንበል። አንዱ 200 ብር ወጣበት፤ ጠቅላላው 200,000 ብር ነው። የሽፋን ዋጋውን 400 ብር አደረግኸው። አከፋፋዩና መደብሩ 35 በመቶ ወሰዱ ብንል ለአንተ በአንድ መጽሐፍ 260 ብር ይመጣል። ስለዚህ ዕዳህን ብቻ ለመክፈል 770 መጽሐፍ መሸጥ አለብህ። ሁሉም ቢያልቅ የሚተርፍህ 60,000 ብር ገደማ ነው። ከዚያ ላይ በነፃ የምትሰጠውን፣ ለምረቃው የምታወጣውን፣ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ የምትመላለስበትን ቀንስ። ሸጠው ያልከፈሉህንም ቀንስ፤ ይኖራሉ። መጽሐፉ ተወዶ ከሆነ ደግሞ በፒዲኤፍ ተነሥቶ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራህን በሕይወት እስካለህና ከዚያም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቅልሃል። መብቱ አለ። ግን እሱን ለማስከበር ስትሯሯጥ አማትህ አይጠብቁህም። የአማት ብር ከባንክ ብር ይከብዳል። ባንክ ፋሲካ ወይም ዒድ በመጣ ቁጥር ከቤትህ አይመጣም።

እሺ፣ ማስተርሱስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ድርሰት አስተምራለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው እዚያ ሲደርስ የሚያገኘው ሌላ ነው። እኛ ጋ የፈጠራ ድርሰት አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ ወይም በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ውስጥ ያለ ኮርስ እንጂ ራሱን የቻለ ዲፓርትመንት አይደለም። የቀረው ጊዜህ በሰዋስው፣ በንግግርና ጽሕፈት ክሂል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ በማማከር ያልቃል። የደረጃ ዕድገቱም በዋናነት የሚመጣው በጥናትና ምርምር ነው፤ ልብ ወለድህ እንደ ጥናት ጽሑፍ አይቆጠርልህም ብለህ ተዘጋጅ። ይህን የምለው ትምህርቱን ለማጥላላት አይደለም። የቃል ግጥምን፣ የመንዙማን፣ የልብ ወለድን ታሪክ ማጥናት ከወደድክ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ለአንተ ቅርብ ናቸው፤ ደስ ብሎህ ተማር። ከመመዝገብህ በፊት ግን ዲፓርትመንቱ ድረስ ሂድና ሁለት ነገር ጠይቅ። ከሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የፈጠራ ድርሰት ስንት ኮርስ ነው? ለመመረቂያ ልብ ወለድ ማቅረብ ይፈቀዳል ወይስ ጥናት ብቻ? መልሱን ስትሰማ የምትማረው ለምን እንደሆነ ይለይልሃል። ውጭ አገር ልብ ወለድ ጽፎ የሚመረቁበት ማስተርስ አለ፤ አንዳንዱም ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። ነገር ግን በእንግሊዝኛ ነው። አንተ የምትጽፈው በአማርኛ ከሆነ ያ የሌላ ሰው መንገድ ነው።

ወልድያ ላይ ማሠልጠኛ መክፈቱ ደግሞ ከሁሉ የምፈራልህ ነው። ቤት ኪራይ፣ ፈቃድ፣ ግብር፣ ማስታወቂያ፤ ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ወር ይጀምራል። ተማሪው ግን ከመጀመሪያው ወር አይጀምርም። የሚመጣውም ሰው ሁሉ ልብ ወለድ ፈልጎ አይመጣም። አንዱ የሠርግ ግጥም ነው የሚፈልገው፣ አንዱ የፊልም ስክሪፕት፣ አንዱ ለመሥሪያ ቤቱ ደህና ሪፖርት መጻፍ። ኪራዩ ሲያስጨንቅህ ሁሉንም እሺ ትላለህ፤ ሁሉንም እሺ ስትል ደግሞ የኔ ሦስት ዓመት አንተም ላይ ይመጣል።

ሦስት ነገር ላስጠንቅቅህ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ ሰሜን ወሎ ውስጥ ስለምታስተምር ማለፍ አልችልም። ተማሪዎችህ ስለ ጦርነቱ ይጽፋሉ። በእኛ አቆጣጠር በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ያዩትን ይዘው ነው የሚመጡት። ወላጆቻቸው ደግሞ የ77ን ድርቅ ነግረዋቸዋል፤ እሱም ይመጣል። እኔ አንድ ጊዜ ከባድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። አንድ ልጅ የጻፈውን ሲያነብ መሐል ላይ ቆመ። ጽሑፉ በጣም ጥሩ ስለነበረ «አይዞህ፣ ቀጥል» አልኩት። ቀጠለ፣ ጨረሰ፣ ደብተሩን ይዞ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ጥሩ ጽሑፍ መስማት ፈልጌ ልጁን ረሳሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሌ ውስጥ ማንም በግድ አያነብም። ያቆመ ሰው «ይብቃህ፣ አብሽር» ተብሎ ይቀመጣል። ከፈለገ ታሪኩን በሌላ ሰው ዓይን፣ ወይም ቤቱ ውስጥ በነበረ በአንድ ዕቃ በኩል እንዲጽፈው አማራጭ እሰጠዋለሁ። ብዙ ጊዜ ይህ ይቀልላቸዋል፤ ጽሑፉም ይሻላል። አንተ የድርሰት መምህር ነህ እንጂ ሐኪም አይደለህም። እንቅልፍ አጣሁ የሚልህ ተማሪ ካለ ወደ ጤና ባለሙያ እንዲሄድ አግዘው።

ሁለተኛው፣ የተማሪህ ታሪክ የተማሪህ ነው። ሕጉ የሚጠብቀው የተጻፈውን ጽሑፍ እንጂ ሐሳቡን አይደለም፤ ስለዚህ የሰማኸውን ታሪክ በራስህ ቃል ብትጽፈው ምናልባት ማንም አይከስህም። አታድርገው። የኩታበሯን ልጅ ሲኒዎች እዚህ የነገርኩህ አስፈቅጃት ነው። ሦስተኛው፣ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ኮሌጅ ብትቀጠር፣ በሥራህ አካልነት የምታዘጋጀው ሞጁል ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው። ልብ ወለድህን ከዚያ ጋር አታቀላቅል። በቤትህ፣ በራስህ ሰዓት፣ በራስህ ደብተር ጻፈው።

እንግዲህ ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ምክሬ ይህ ነው። ከመስከረም ጀምረህ አንድ የትምህርት ዓመት ብቻ ሞክር። መርሳ ሙቀት አላት፤ ሙቀቱ ሳይነሣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያለው ጊዜ የራስህ ይሁን። በሳምንት አምስት ቀን ካደረግኸው ሰባት ሰዓት ተኩል ይሆናል። እሱ ብዙ ነው። ለባለቤትህ ዛሬውኑ ንገራት፤ ያለሷ ፈቃድ ይህ ሰዓት ሁለት ሳምንት አይቆይም። ስትነሣ ስልክህን አትንካ፣ የተማሪ ደብተርም አትክፈት።

ረጅሙን ልብ ወለድ እስከ ጥር ድረስ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው። እስከዚያ ሁለት ሰው ያንብበው፤ አንዱ መምህር ያልሆነ፣ ለመዝናናት ብቻ የሚያነብ ሰው ይሁን። «ጥሩ ነው ወይ?» ብለህ አትጠይቃቸው፣ ጥሩ ነው ነው የሚሉህ። «የት ላይ ስትደርስ ማንበብህን አቁመህ አስቀመጥከው?» በላቸው። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ካስቀመጡት እዚያ ጋ ችግር አለ። አንተ በዚህ ጊዜ ከአሥራ አንዱ አጫጭር ታሪኮች ሦስቱን መርጠህ ከመጀመሪያው ቃል ጀምረህ እንደ አዲስ ጻፍ። አርምልኝ ሲሉህ እንደምታርመው አይደለም፤ አሮጌውን ሳታይ ነው የምትጽፈው። የቱ መስመር ራሱን አስታውሶ እንደሚመለስና የቱ እንደሚጠፋ ታያለህ። የጠፋው አይናፍቅህም።

ቁልፉ አሁን ነው የሚመጣው። የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር በደብዳቤ አስፈቅደህ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱን ክፈት። ስምንት ተማሪ ምረጥ። በክፍል ውጤት አትምረጣቸው፤ አንድ ገጽ አስጽፈህ ምረጥ። ስምንት ሳምንት አስተምር፣ አራት ሳምንት ዕረፍት ውሰድ፣ እንደገና ስምንት ሳምንት። የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ስለሆኑ አታስከፍል። በሁለተኛው ዙር ከከተማው የሚመጡ አዋቂዎችን ለየብቻ ሰብስበህ መጠነኛ ክፍያ መጠየቅ ትችላለህ፤ ያኔ የፈቃዱንና የግብሩን ነገር ቀድመህ የሚመለከተው ቢሮ ሄደህ ጠይቅ። ሰርተፍኬት አትስጥ። በምትኩ መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ታሪኩን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ወላጆቹም መጥተው ይስሙ።

ሰኔ ላይ ሁለት ነገር ቁጠር። በጠዋቱ ሰዓት ስንት ገጽ ጻፍክ? ከስምንቱ ተማሪዎች ስንቱ እስከ መጨረሻው ቆየ? ገጹ ብዙ፣ ተማሪው ጥቂት ከሆነ ጻፍ፤ ማስተማሩን እንደ ትርፍ ሥራ ያዘው። ተማሪዎቹ ቆይተው ገጹ ከሳሳ ሰዓትህን አስተካክለህ አንድ ዓመት ድገመው እንጂ ሥራ አትልቀቅ። ሁለቱም ከበረከቱልህ ያኔ ስለ ማስተርሱም ስለ ወልድያውም እንነጋገራለን፤ ደሴ ብቅ በል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቧንቧ ውሃ ታገኘኛለህ።

አማትህን ገና ካልጠየቅሃቸው ተወው። ጠይቀሃቸው ከሆነ ደግሞ ዛሬ ማታ ደውልና «ለጊዜው ቆይቶብኛል» በላቸው።